የቅዳሜዋ ባለ ሁለት በር

ዘንድሮ ተማሪዎቻችን ደጋግመው የጠየቁን ስለ ፊደልም ስለ ፈተናም አልነበረም። «ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጡባት አሮጌ መርሰዲስ ለምን ሁለት በር ብቻ ኖራት?» የሚል ነበር። ወላጆችም፣ አንዳንዱ በትሕትና፣ አንዳንዱ ፈገግ ብሎ፣ ይህንኑ ጠይቀውናል። ርእሰ መምህር የቅንጦት መኪና ሲይዝ ሰው ማየቱ፣ አይቶም የልቡን ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ እኛ ባልና ሚስት እንዴት እንደመረጥናት በዓመቱ መጽሐፍ ላይ ብንጽፍ ነውር አይሆንም ብለናል።

ልጆቻችን ተምረው ከቤት እስኪወጡ ድረስ የነበረችን አንዲት ቶዮታ ስቴሽን ዋገን ናት። ናይሮቢ ያለ የሐበሻ መኪና ኑሮው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሎግ ቡኩ ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ይሁን እንጂ መኪናው የማኅበረሰቡ ነው። ከጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ታመጣለች፣ ለቅሶ ታደርሳለች፣ የሠርግ ድስትና የእድር ድንኳን ትጭናለች። በዚህ ቅር ብሎን አያውቅም። ሆኖም ሃምሳን ካለፍን ወዲህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ የምንወጣባት፣ ማንም «ቦታ አላችሁ?» የማይልባት መኪና ተመኘን። ባለ ሁለት በር ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ገና ከሩቅ ስትታይ «ቦታ የለም» ትላለች። አንዳችን ይህን እንደ ዕረፍት፣ ሌላችን እንደ ስስት አየነው። ክርክራችን ከመኪናው ዓይነት ይልቅ በዚህ ላይ ረዘመ።

ሁለተኛው ጉዳይ ምን ይሉን ነበር። የልጁን ክፍያ በሦስት ጊዜ ከፋፍሎ የሚያመጣ አባት የርእሰ መምህሩን መርሰዲስ ሲያይ ምን ይሰማዋል? የተጠየቅነው ዋጋ ከዘወትር ቶዮታችን ብዙም አይበልጥም፤ ግን ኮከቡ ኮከብ ነው፣ ዋጋውን ማንም ጠይቆ አይፈርድም። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ለወላጆች ኮሚቴ ዋጋውን በግልጽ ነገርን። ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን ወሬው ከመኪናዋ ቀድሞ ትምህርት ቤት እንዳይደርስ ብለን ነው። አንድ የኮሚቴ አባል «ሠርግ ላይ ሙሽራ ትጭናለች?» ብለው ጠየቁ። ትጭናለች አልናቸው።

ምርጫውን ያጠበበው የአገሩ ሕግ ነው። ኬንያ ከተመዘገበ ስምንት ዓመት ያለፈውን መኪና አታስገባም፤ መሪውም በቀኝ መሆን አለበት። ስለዚህ የጥንት መኪና የሚፈልግ ሰው ከውጭ ማማረጥ የለበትም፤ በወጣትነቷ እዚህ ገብታ እዚህ ያረጀችውን መፈለግ ነው። ደግነቱ ናይሮቢ በዚህ ድሃ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው ኮንኩር ዴሌጋንስ አሁን በንጎንግ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ይካሄዳል። እዚያ የሚወዳደረው ፍጥነት ሳይሆን አያያዝ ነው፤ ዳኞቹ ኮፈን ከፍተው፣ ከሥር አጎንብሰው ያያሉ። ሁለት ዓመት ተከታትለን ሄደን ባለመኪኖቹን በጥያቄ አድክመናቸዋል።

መጀመሪያ ልባችንን የወሰደችው ፔጆ 504 ኩፔ ነበረች። ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና የነደፋት ናት፤ በ1978ም ዣን ፒየር ኒኮላ የሳፋሪ ራሊን ያሸነፈው በእርሷ ነው። ግን በቀኝ መሪ እምብዛም ስላልተሠራች ማግኘቱ ጭንቅ ነው። ጃጓር ኤክስጄ-ኤስን አየናት፤ አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ 5.3 ሊትር። የመምህር ደመወዝ እንዲህ ላለው ሆድ አይበቃም። ከዚያ መርሰዲስ 450 ኤስኤልሲ መጣች። በ1979ኙ ሳፋሪ ሃኑ ሚኮላ ይህችኑ ዓይነት፣ ባለ አምስት ሊትሩን፣ ነድቶ ሁለተኛ ወጥቷል፤ አንደኛ የወጣው ኬንያዊው ሼካር መህታ በዳትሰን ነበር። የቅንጦት ኩፔ በጭቃና በድንጋይ ውስጥ እስከዚያ ድረስ መድረሷ ያስደንቃል። ከኋላ ግን ሰው ቢቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ሥር ይደርሳል።

በመጨረሻ የቀረችው የ1981 መርሰዲስ 280 ሲኢ ናት። ከ1977 እስከ 1985 የተሠራችው ይህች ኩፔ በአዲስ አበባም በናይሮቢም በታክሲነትና በሹማምንት መኪናነት የምናውቃት የዚያች ባለ አራት በር መርሰዲስ እኅት ናት። በሁለቱ ጎማዎች መካከል በ8.5 ሳንቲ ሜትር ታጥራለች፣ ጣሪያዋም ዝቅ ይላል፤ ሞተሯ፣ ፍሬኗና የእግሯ ዕቃ ግን የዚያችው ነው። መለዋወጫዋ ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ይገኛል፤ እጁ ያልለመዳት ፈንዲም ጥቂት ነው። መስታወቶቹ ሁሉ ሲወርዱ መካከል ላይ የሚቆም ብረት የለም፤ ጎኗ ከፊት እስከ ኋላ ወለል ይላል። እውነቱን ለመናገር ከመለዋወጫው ይልቅ ያሸነፈን ይህ ነው።

ያመጣነው ፈንዲ ሞተሩን ሳያስነሳ በፊት ማግኔት ከኪሱ አወጣ። በሮቹ ሥር፣ ክሪክ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ በትርፍ ጎማው ጎድጓዳ፣ በባትሪው ማስቀመጫ ሥር እያስጠጋ ሞከረ፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። «ሞምባሳ የኖረች ብትሆን ኖሮ እንሂድ እላችሁ ነበር» አለ፤ የባሕር ጨው ቦዲ ይበላል። ይህች ዕድሜዋን ናይሮቢ ደጋ ላይ ነው ያሳለፈችው። የተገኘው ዝገት በኋላ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው።

ፈንዲው አልፎ የቀረው የእማማ ፈተና ነበር። የልጆቻችን አያት ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው ስለነበር ይዘናቸው ሄድን። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና «የኋላው በር የታለ?» አሉ።

«የለውም፣ እማማ።»

«ታዲያ እኔን የት ልታስቀምጡኝ ነው የምትገዙት?»

ሻጩ አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገብቶት ዝም አለ። እማማን ከፊት አስቀመጥናቸው፤ በሩ ረጅም ስለሆነ እንዲያውም ከቶዮታው ይልቅ ቀሏቸዋል። ከእኛ አንዳችን የፊቱን ወንበር አጥፈን ወደ ኋላ ገባን፤ እስከ ሊሙሩ ደርሰን ተመለስን። ከኋላ የተቀመጠው ሳያጉረመርም ወረደ። በኤስኤልሲ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ስስት ነው ሲል የነበረው ወገናችንም ያን ዕለት ክርክሩን ተወ።

ለትምህርት ቤታችንም አንድ ያላሰብነው ጥቅም አመጣች። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ከብበዋት የክፍሎቿን ስም በአማርኛ ሲጠሩ ክሩስኮት፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ አልናቸው። አንዲት ልጅ «ይህ ሁሉ አማርኛ ነው?» አለች። ጣሊያንኛ ነው፤ መኪናውና መካኒኩ ከዚያ ሲመጡ ስሙም አብሮ መጣ። እዚህ ደግሞ ፈንዲና ጁዋ ካሊ ከስዋሂሊ ወደ ቤታችን አማርኛ እየገቡ ነው፤ እኛ አንከለክልም።

ከዚያ ትምህርት በኋላ በነበረው እሑድ ወደ ማይ ማሂዩ ወረድን። በቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከመንገዱ ዳር፣ የጣሊያን ምርኮኞች በ1942 የሠሯት በጣም ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። መንገዱንም የሠሩት እነርሱ ናቸው። ከምርኮኞቹ ብዙዎቹ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሸንፈው የተያዙ ነበሩ። መስታወቶቹን ሁሉ አውርደን በዝግታ ስንወርድ የስምጥ ሸለቆው ነፋስ ከአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። እማማ ከፊት፣ ሻሻቸውን በእጃቸው ይዘው።

ለቅሶና እድር አሁንም የቶዮታዋ ሥራ ነው። መርሰዲሷ ለኋላ መስታወቷ ጎማ ታዞላታል፤ እስኪመጣ ድረስ በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ ከመጠለያዋ አናወጣትም። በእነዚያ ቅዳሜዎች ካላያችኋት ሸጧት እንዳትሉ።