ሳይጠሩት የሚመጣ ውርስ፦ የአካባቢ ተለዋዋጮችና የምርምር ውጤት ታማኝነት

አንድ የምርምር ጽሑፍ መረጃው ከየት እንደተገኘ፣ በምን ዘዴ እንደተተነተነና የትኛው ፕሮግራም ሥራ ላይ እንደዋለ ይዘረዝራል። ፕሮግራሙ በምን ዓይነት አካባቢ ውስጥ እንደሠራ ግን ብዙውን ጊዜ አይናገርም። ዝምታው ከቸልተኝነት ይልቅ ካለማየት የሚመነጭ ነው፤ አካባቢው በስክሪፕቱ ውስጥ አልተጻፈምና።

በዩኒክስና እርሱን በሚመስሉ ሥርዓቶች፣ ለምሳሌ በሊኑክስ፣ የአካባቢ ተለዋዋጭ ማለት የስምና የእሴት ጥንድ ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1979 ከቤል ላብራቶሪ በወጣው በሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም የመጣ ነው። እያንዳንዱ ሂደት ሲወለድ የወላጁን ተለዋዋጮች በቅጂ ይወርሳል። ልጁ የወረሰውን ቢለውጥ ለውጡ ለራሱና ከእርሱ ለሚወለዱት ብቻ ነው፤ ወደ ወላጁ አይመለስም።

የዚህን ውርስ ክብደት ለማየት «ላንግ» የተባለውን ተለዋዋጭ መመልከት ይበቃል። እርሱ ፕሮግራሞች ጽሑፍን በየትኛው ቋንቋ ልማድና በየትኛው የፊደል ኮድ እንደሚያነቡ ይነግራል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 3 ፊደል ነው። ተለዋዋጩ ካልተሰየመና ሌላም የሚተካው ከሌለ ግን፣ በሊኑክስ ላይ ፊደላትን የሚቆጥረው «ደብሊውሲ» የተባለው ትእዛዝ «ሲ» ወደሚባለው መነሻ ቅንብር ተመልሶ 9 ይቆጥራል። የስሕተት መልእክት አይወጣም፤ ቁጥሩ ብቻ ይወጣል። የአማርኛን ቃላት አማካይ ርዝመት የሚያጠና ተማሪ ሦስት እጥፍ ያደገ ውጤት በሠንጠረዡ ሊያሰፍር ይችላል።

ይህም በአንድ ኮምፒዩተር፣ በአንድ ተጠቃሚና በአንድ ስክሪፕት ሊደርስ ይችላል። ባሽ ተጠቃሚው ሲገባ በመጀመሪያ በ«ኢቲሲ» ማውጫ ያለውን «ፕሮፋይል» የተባለ የጋራ ፋይል፣ ቀጥሎም በተጠቃሚው ማውጫ ያለውን የግል ፋይል ያነባል። በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚያስጀምረው ክሮን ግን እነዚህን ፋይሎች አያነብም። ስለሆነም ቅንብሩን በግል ፋይሉ ብቻ ያስቀመጠ ተመራማሪ ቀን በእጁ ሲያስኬደው 3፣ ሌሊት በክሮን ሲያስኬደው 9 ሊያገኝ ይችላል።

መፍትሔው ቅንብሩን በጋራ ፋይል ለሁሉም ተጠቃሚ መደንገግ ይመስላል። የጋራ ፋይል በእርግጥ ጥቅም አለው፤ አዲስ ተማሪ ሁሉን ከባዶ ከመጀመር ይድናል። ሆኖም አስተዳዳሪው በአንድ መስመር የሚያደርገው ለውጥ በጥናቱ አጋማሽ ላይ ያለውን ሰው ስሌት ሳያሳውቀው ሊቀይር ይችላል። ክሮንም ያንኑ ፋይል ስለማያነብ ችግሩ አይወገድም።

እንግዲህ ለሁሉም የሚመቸው ነገር፣ ለምሳሌ የጋራ ፕሮግራሞች የሚገኙበት መንገድ፣ በጋራ ፋይል ይቀመጥ። ውጤትን የሚወስነው ግን በስክሪፕቱ ራስ ላይ «ኤክስፖርት» በሚለው ትእዛዝ በግልጽ ይሰየም። «ኤንቭ» የተባለው ትእዛዝ የሚያወጣው የተለዋዋጮች ዝርዝርም፣ የይለፍ ቃልን የመሰለ ምስጢር ከተወገደለት በኋላ፣ ከውጤቱ ጋር ይቀመጥ። ሌላ ተመራማሪ ሥራውን ሲደግም የሚወርሰው የራሱን ኮምፒዩተር አካባቢ ነው፤ የመጀመሪያውን የሚያገኘው ተጽፎ ከቆየው ብቻ ነው።