መርዶ የሚነገርበት ወግ

ከወልድያ ተነስቶ ጎብዬን አልፎ ሮቢት የሚገባ ሰው በስተቀኙ የማሽላውን ማሳ፣ ከማሳው ማዶ የዞብልን ተራራ ያያል። ወደ አሜሪካ ስሄድ የተውኩት መልክ ይኸው ነው። የተለወጠው በየቤቱ የሚሰማው ወሬ ነው። ከ2013 እስከ 2015 የሰሜኑ ጦርነት በዚህ አስፋልት ሲወጣና ሲወርድ ከርሟል። ቡና በተጠራሁበት በአንዱ ቤት የደርግ ወታደር የነበሩ አባትና የመከላከያ ወታደር የሆነ ልጃቸው ፎቶ ጎን ለጎን ተሰቅሏል።

እኔም የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ በሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ሥር ስለነበር ያደግሁት አስመራ፣ ካምፕ ውስጥ ነው። አባቴ ግዳጅ ሲወጣ እናቴ ተቆራጩን እየተቀበለች ታሳድረናለች፤ እኛ ልጆቹ ኮቾሮ እየቆረጠምን እንጫወታለን። ሲጠሩን ቀጥ ብለን መቆም እናውቃለን። ስለ ግንባር የሚጠይቅ ልጅ ግን ወዲያው ይገሠጻል። አንደበቴ ለ“አቤት” የሰላ፣ ለወግ የዶለዶመ ሆኖ ቀረ።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ሮቢት ተመለስን፤ ከዓመታት በኋላ እኔ አሜሪካ ገባሁ። እዚያ ሥራዬ ሰው ፊት ቆሜ እንድናገር ግድ ሲለኝ ቶስትማስተርስ የሚባል የንግግር ክበብ ገባሁ። ራልፍ ስሜድሊ እ.ኤ.አ. በ1924 ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመረው ነው። ለተለመደው ንግግር ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይሰጣል፤ ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት ይበራል። “እ…” ባልክ ቁጥር የሚቆጥርብህ ሰው አለ። ስትጨርስ ገምጋሚ ተነስቶ ያማረውንና የጎደለውን ይነግርሃል። ጉልበቴ መንቀጥቀጡን የተወው እዚያ ነውና ውለታው አለብኝ።

አሁን ተመልሼ ሮቢት ያየሁት ተናጋሪ ግን ሌላ ነው። ጎረቤት መርዶ ሊነገር ነበር፤ ሟቹ ወታደር ነው። ሽማግሌዎቹ በዋዜማው ተሰብስበው ማን እንደሚናገር፣ ከእናትየዋ አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ፣ አቅመ ደካማዋን አያት ማን እንደሚይዝ ተመካከሩ። ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ደረሱ። ቄሱም ሼሁም አብረው ነበሩ። እንዲናገሩ የተመረጡት አዛውንት የራሳቸውን ልጅ በጦርነት ያጡ ናቸው። ሰላምታ ሰጡ፤ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ጠየቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ። እናትየዋ ነገሩ የገባት በዚያ ዝምታ ነው። የቀረውን ባጭሩ ነገሯት። ለቅሶው ሲፈነዳ የተዘጋጁት እጆች “አብሽሪ” እያሉ ያዟት።

ከአዛውንቱ የተሻለ አንደበት ያለው ሰው በመንደሩ አይጠፋም። እሳቸው የተመረጡት ሐዘኑን ስለሚያውቁት ነው። ምን ይባል ከሚለው ይልቅ ማን ይበለው የሚለው ቀድሞ ተመከረበት፤ ቃሉ ከመውጣቱ በፊትም ሰሚዋን የሚደግፍ ሰው ተሰናዳ። የካምፕ ሴቶችም ይህን ያውቁ ነበር። የጦር መኪና ካንዲት ሴት በር ሲቆም ሊጡንም ልብሱንም ጥለው ወደዚያ ይሮጣሉ። ከመኪናው የወረደው መኮንን አፉን ሳይከፍት ሴትየዋ በጎረቤት ተከብባለች። ወረቀቱን ማንበብ የሱ ሥራ ነው፤ ንግግሩን የሚሸከሙት እነሱ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ዳስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ “አንተ ልጄ፣ ከሩቅ አገር መጥተሃል፤ እስቲ አንድ ነገር በል” አሉኝ። ስለ አሜሪካ የምለው አልነበረኝም፤ ስለነዚያ ሴቶች ተናገርኩ። የደርግ ወታደር የነበሩ አንድ ሰው “እውነትህን ነው” ብለው የቀረውን እሳቸው ጨረሱልኝ።

ሰው ፊት መናገር የሚጀምር ወጣት ክበብ ካገኘ ይግባ፤ ጉልበት የሚጠናው በልምምድ ነው። አስቀድሞ ግን ሽማግሌዎች ለመርዶ ሲመካከሩ ጥግ ይዞ ያድምጥ። “ይህን ለመናገር ማን ነኝ? ሰሚዬስ ሲሰማኝ ማን አጠገቡ አለ?” ብሎ መጠየቅን ከዚያ ይማራል።