ሦስት መብራትና አንዲት ጀበና

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል በተደረገው የሥዕልና የፎቶግራፍ ትርኢት ላይ፣ አንድ የጀበና ፎቶግራፍ ተሰቅሎ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ጀበናዋ ሰማያዊ፣ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ቀይ፣ ሲኒዎቹም አረንጓዴ ነበሩ። ያ ፎቶግራፍ የእኔ ነው። ብዙ ምስጋና አግኝቼበታለሁ። እናቴ ብቻ አየት አድርጋ፣ «ይህ ደግሞ የማን ጀበና ነው?» አለች። ቀጥሎም አንድ መምህራችን ቀርበው፣ «ይህን ቀለም እንደ ምን አድርገህ አመጣኸው?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ ባለ ቀለም መብራት አብርቼ ነው ብዬ መለስሁ።

ውሸት ነበር። ፎቶግራፉን ያነሣሁት በመስኮት አጠገብ፣ በተራ የቀን ብርሃን ሲሆን፣ ቀለሙን ያመጣሁት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የስልኬን መስታወት በጣቴ እየነካካሁ ነው። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። በስልክ ቀለም መለወጥ ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ ዛሬ የማያደርገው ሰው የለም። እኔ ግን ያልሠራሁትን ሠርቻለሁ አልሁ።

ነገሩ በዚያ ቢቀር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር። ዘንድሮ በጥቅምት ወር እኚሁ መምህር አስጠርተውኝ፣ «የክበባችን የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በመብራት ቀለም ማምጣትን ሊማሩ ይፈልጋሉ፤ ከገና በፊት አንተ ታሳያቸዋለህ» አሉኝ። «እሺ መምህር» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

በዚያው ቅዳሜ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የስጦታ መጠቅለያ ሴሎፎን ገዛሁ። ሦስት የጠረጴዛ መብራት ከቤታችን፣ ከአጎቴና ከጎረቤት ለቃቀምሁ። የክበቡንም ካሜራ ከነማቆሚያው ተዋስሁ። የእናቴን ነጠላ ግድግዳው ላይ ወጥሬ፣ ጀበናዋን፣ ሁለት ሲኒ፣ አንድ ሎሚና አንድ ቲማቲም ከፊቱ ደረደርሁ። እናቴም «አንተ ልጅ፣ ነጠላዬን ብታቃጥል ወዮልህ!» ስላለችኝ፣ አምፖሎቹን ብዙ በማይግለው በኤልኢዲ ለወጥኋቸው። በድሮው አምፖል ላይ ሴሎፎን ቢጠጋ ተጨማዶ ይቀልጣል።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች ታጥቦ የለቀቀ ልብስ ይመስሉ ነበር። በዓይኔ ደማቅ ሆኖ የማየው ቀይ፣ በካሜራው ውስጥ የገረጣ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱን እስካገኝ ሦስት ማታ አለፈ። ለካ ካሜራው ነጩ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የብርሃኑን ቀለም በራሱ ያቃናል፤ እኔ የማበራውን እርሱ ያጠፋል። ይህን ሥራውን አስትቼ በፀሐይ ብርሃን ልክ አጸናሁት፤ ብርሃን ሲበዛም ቀለም ስለሚነጣ፣ የሚገባውን ብርሃን ቀነስሁ። ያን ጊዜ ቀይ ቀይ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እንኳንስ በግዴታ፣ ለደስታም ብሠራው አይቆጨኝም። ሰማያዊውን መብራት ብቻ ባበራሁ ጊዜ ሎሚው ጠቆረ። ታናሽ እኅቴ «ሎሚው ከሰለ!» ብላ ጮኸች። የሎሚ ልጣጭ ቀዩንና አረንጓዴውን ብርሃን ይመልሳል፣ ሰማያዊውን ግን ይውጣል፤ ሰማያዊ ብቻ ሲሰጡት የሚመልሰው የለውም። ቲማቲሙም በአረንጓዴ መብራት እንዲሁ ጥቁር ሆነ። ነጫጮቹ ሲኒዎች በተቃራኒው የሰጡአቸውን ቀለም ሁሉ ይለብሳሉ። ጀበናዋ ግን አስቸገረችኝ። ጥቁር ሸክላ ናትና የመጣውን ብርሃን ሁሉ ዋጠችው፤ መብራቱን የቱን ያህል ባቀርብላት በሆዷ ጠርዝ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መሥመር ብቻ ታየ። ያን ጊዜ ደነገጥሁ፤ የአምናዋ ጀበና ከአንገቷ እስከ መቀመጫዋ እንደ ሰማይ ሰማያዊ ነበረችና።

በማግሥቱ ቀዩን ከግራ፣ አረንጓዴውን ከቀኝ አንድ ላይ አበራሁ። ነጠላው ቢጫ ሆነ፤ ቢጫ ወረቀት በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ሁለቱን ሴሎፎን ደርቤ በአንድ አምፖል ላይ ባደርጋቸው ደግሞ ጨለማ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ይይዘዋል። ጥላዎቹንም ተመልከቱ፦ ቀዩ መብራት የጣለው ጥላ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው የጣለው ጥላ ቀይ ነበር፤ አንዱ በተከለከለበት ቦታ ሌላው ይደርሳልና። የአምናውን ፎቶግራፍ አውጥቼ አየሁት። ጥላው አንድ ብቻ፣ እርሱም ግራጫ ነው።

ይህን ነገር ያገኘሁት እኔ እንዳልሆንሁ የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል፣ ቶማስ ሰተን በተባለ ፎቶግራፍ አንሺ እጅ አንድ ባለ ብዙ ቀለም ሪባን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ እያስነሣ፣ ሦስቱን ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች በሦስት ባለ ቀለም ፋኖስ አንድ መጋረጃ ላይ ደራርቦ በለንደን አሳይቷል። የሪባኑ ቀለም ታየ። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም.፣ የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች እንደ ገለጹት ግን፣ የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ሰሌዳ ቀይ ብርሃንን ጨርሶ አያይም ነበር፤ በቀዩ ማጣሪያ ያለፈው ለዓይን የማይታይ ሌላ ጨረር ኖሯል። ታላቁም ሰው ትንሽ ዕድል ረድቶታል ማለት ነው።

እኔንም የረዳኝ መብራት መጥፋቱ ነው። በኅዳር አንድ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ልተኛ ስል ግን፣ በመስኮት እየገባ ያስቸግረኝ የነበረው የመንገድ መብራትም አብሮ መጥፋቱን አስተዋልሁ። ካሜራውን ለ30 ሴኮንድ ክፍት አድርጌ፣ በእጅ ባትሪ ላይ ሴሎፎኑን እየለዋወጥሁ፣ ከግራ ቀይ፣ ከቀኝ አረንጓዴ፣ ከላይ ሰማያዊ ብርሃን አፈሰስሁ። እኅቴ ሴኮንዱን ጮክ ብላ ትቆጥርልኝ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ተበላሸ፤ አንዴ ሲኒውን በእግሬ ገለበጥሁት። በአሥራ ሁለተኛው ጀበናዋ ጥቁር እንደ ሆነች፣ በግራ ጎኗ ቀይ፣ በቀኟ አረንጓዴ ክር ለብሳ ወጣች። ነጠላው ሦስቱ በተገናኙበት ነጭ ለመሆን ተቃርቧል። እናቴ በሻማ ቀርባ አይታ፣ «እጀታዋ ሥር ያለው ስንጥቅ እንኳ ይታያል» አለች።

ልጆቹን ከማሳየቴ በፊት ባለው ቀን መምህሩ ዘንድ ሄጄ የአምናውን ነገር ተናገርሁ። ያን ቀን ከቢሮአቸው ደጃፍ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ሁለቱንም ፎቶግራፍ ይዘህ ና» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግሥቱ የላቦራቶሪውን መጋረጃ ዘግተን ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቀልናቸው። ገና ምንም ሳልናገር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ፣ «የዚህኛው ጥላ ለምን ግራጫ ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። መምህሩ ወደ እኔ ተመለከቱ። «ያኛው በስልክ የተቀባ ስለ ሆነ ነው፤ አምና በመብራት ነው ያልሁት ዋሽቼ ነው» አልኋት። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቅሁና፣ ሰማያዊውን መብራት አብርቼ ሎሚውን ከፊቱ አስቀመጥሁ።