ቀርፋፋዋ ላፕቶፔ

እናቴ የዕቁብ ብሯን አውጥታ የገዛችልኝ ላፕቶፕ የምትሠራው በዊንዶውስ 10 ነበር። የእሱ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 አሳደግኳት። ከዚያማ ኤሊ ሆነች! የቃለ መጠይቅ ሥራዬን ላስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ጓደኞቼ “ፎርማት አድርጋት” አሉኝ። እሺ ልል ስል አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ “መጀመሪያ ጠይቃት እንጂ!” አለና ታስክ ማናጀርን ከፈተ። ሃርድ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዟል፤ ሲስተሙ ገና ፋይሎቼን እየመዘገበ ነው። ስትከፈት አብረዋት የሚነሱት ዘጠኝ ፕሮግራሞች ደግሞ እኔው የጫንኳቸው ናቸው። እንዳይነሱ አደረግናቸው፤ ምዝገባውን እንድትጨርስም ሌሊቱን ሳላጠፋት አደረች። ጠዋት ቀለል አላት። ሌላ ቦታ ያልገለበጥኩት ቃለ መጠይቄም በሆዷ ውስጥ ነበር። “ሳታጣሩ አትፍረዱ” የሚሉን መምህራኖቻችን ለካ ለዜና ብቻ አይደለም!