ቀስ ማለትን እየተለማመድን ነው

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ሰሞኑን «ቲቸር፣ እንጦጦ ላይ ትልቅ ቦርሳ ተሸክመህ አየንህ፣ ደህና ነህ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ደህና ነኝ። 😄

እግዜር ካለ ሐምሌ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኬንያ ተራራን ልንወጣ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ እኛ ጋ ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ እዚያ ደረቅ ወቅት ነው። የምንሄደው በአውቶቡስ በሞያሌ በኩል ነው። ካርታ ብታዩ፣ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጋችሁ ናይሮቢ ሳትደርሱ ተራራው ሥር ያለችውን ናንዩኪን ታገኛላችሁ። የእግር መንገዱ ከሲሪሞን በር፣ 2,650 ሜትር ገደማ ላይ ይጀምራል። የመጀመሪያው ማደሪያ 3,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው 4,200። ያሰብነው ጫፍ ሌናና 4,985 ሜትር ነው። የእኛ ራስ ዳሸን እንኳ ከ4,500 ብዙም አይዘልም።

«የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ ምን ያደርገዋል?» ያሉኝ አሉ። ደጋ መኖራችን ይረዳል፣ እውነት ነው። ግን አየሩ ሲሳሳ ጎበዝ ሯጭም ሊታመም ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት ይመጣል። መፍትሔው ቀስ ብሎ መውጣት፣ ከባሰ ደግሞ ቶሎ መውረድ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ 12 ሊትር ውሃ ተሸክሜ እወጣለሁ። አንድ ቀን እንጨት ተሸካሚ እናት አስቁመውኝ «ልጄ፣ ምን ይዘህ ነው?» አሉኝ። «ውሃ» አልኳቸው። «ወደ ላይ?» ብለው ሳቁብኝ። የእሳቸው ሸክም የእኔን እጥፍ ይሆናል፤ የሚሸከሙት ደግሞ ለእንጀራ ነው። አሁን ላይ ስደርስ ውሃውን ለእነሱ እሰጣለሁ፣ ለመውረዱም ጉልበቴ ያርፋል። አረማመዳቸውን ልብ ብላችሁ እዩት፦ አጭር እርምጃ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ጥድፊያ የለም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ «ፖሌ ፖሌ» የሚሉት ይሄንኑ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ጃኬትና የዝናብ ልብስ ከመርካቶ ሳልባጅ ነው። ከውስጥ የሚለበሰው ጥጥ እንዳይሆን፤ ላብ ይዞ አይደርቅም፣ ብርድ ያስገባል። ጫማ ላይ ግን አልሰሰትኩም። እግሬን እንዲለምድ ሁለት ወር ክፍል ውስጥ ሁሉ አድርጌው ገባሁ፤ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ዘመቻ ነው?» ይሉኛል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ተገኝቷል፤ ወደ ጫፉ የሚወጣው ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ነውና። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ።

ከሁሉም የከበደን ግን ሌላ ነው። ገንዘቡ የአንድ ዓመት እቁብ ነው። «የአንዳችን ሕመም ከባሰ፣ ጫፉ 200 ሜትር ቢቀረንም ይወርዳል፤ ብቻውንም አይወርድም» የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። አንዱ ጓደኛችን «ያን ሁሉ እቁብ ጥዬማ አልመለስም» ብሎ ሦስት ሳምንት ተከራከረን። እዚህ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ያልተስማማነውን፣ እዚያ በሌሊት፣ በብርድ፣ ራሳችን እየፈለጠን እንዴት እንስማማለን? ያለዚህ ቃል አብረን አንሄድም አልነው። ባለፈው እሁድ እሺ አለ። ከተዘጋጀሁት ሁሉ ትልቁ እሱ ይመስለኛል።

እንግዲህ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ተራራውን የምታውቁት ካላችሁ ምክራችሁን ጻፉልኝ። ወፍራም ጓንት ያለው ሰው ደግሞ ያውሰኝ፤ ታጥቦ ይመለሳል። 🙏