ብሎኑን አትንካው

ባለፈው ክረምት የአባቴን ቮልስ ልሸጣት ምንም አልቀረኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች ናት። እኔን ትምህርት ቤት ያመላለሰች፣ እናቴን ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሰች መኪና ናት። ያስመረረኝ ሚኒሞዋ ነው። እግሬን ከቤንዚኑ ላይ ባነሳም ሞተሩ ይጮኻል፤ ቁልቁለት ላይ ይገፋኛል። አንድ ቀን መንገድ ስታቋርጥ ከነበረች ተማሪ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ነው የቆመችልኝ።

ሦስት ጋራዥ ወሰድኳት። ሦስቱም ካቻቢቴ አንስተው የካርቡሬተሩን ብሎን አዞሩ። ሲቀንሱት ትራፊክ መብራት ላይ ትጠፋብኛለች፤ ሲጨምሩት ተመልሳ ትጮኻለች። አራተኛው ሽማግሌ መካኒክ ግን ካቻቢቴ አላነሱም። "ልጄ፣ ብሎኑን አትንካው። መጀመሪያ የሚያስጮኻትን እንፈልግ" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቾኩ ይዘጋል፤ ደረጃ ያላት ትንሽ ብረት ደግሞ የአየር ማስገቢያውን በጥቂቱ ከፍታ ትይዛለች። ስለዚህ ጠዋት ሚኒሞ ከፍ ማለቱ ጤና ነው። ከዚያ በኤሌክትሪክ የምትሞቅ ሞላ ቾኩን ቀስ በቀስ ትከፍታለች፤ ሚኒሞውም ይወርዳል። የእኔዋ ላይ ወደ ሞላዋ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል። ቮልሷ ቀኑን ሙሉ ጠዋት እየመሰላት ትውላለች።

በዚያ አላበቁም። ሞተሩ ሳይግል በካርቡሬተሩ ሥር ትንሽ ማጽጃ ረጩ፤ ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። ጓርኒሲዮኑ አርጅቶ አየር እያስገባ ነበር።

ሽቦውን ቀጠሉ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀየሩ። ካቻቢቴውን ያነሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሚኒሞውን በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ላይ አቆሙት። የቤንዚኑን መጠን ግን ከመጽሐፍ አልገለበጡም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ለዝቅተኛ አገር የተመጠነ ቤንዚን እዚህ ይበዛል። እሳቸው ሞተሩን እያዳመጡ መጠኑት።

ይህን የምጽፈው ስለ ቮልስ ብቻ ብዬ አይደለም። ዋጋ ሲጮኽ ሱቅ እናሽጋለን፤ ሰው ሲጮኽ ዝም እናሰኛለን። ድምፁ ለጊዜው ይቀንሳል፤ የተበጠሰው ሽቦ ግን እንደተበጠሰ ነው። ከውጭ የተቀዳ መፍትሔ ስናመጣም ከፍታችንን ማንም አይለካም።

ጥፋቱን ደግሞ በመካኒኮቹ ላይ ብቻ አልጥልም። ሦስት ጊዜ ስከፍል የፈለግሁት ድምፁ እንዲቀንስልኝ ነበር። ምን እንደሆነች አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ተማሪዋን ልገጭ የነበረው ለዚህ ነው።

ቮልሷን አልሸጥኳትም። አሁንም በዚያው ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ልጆች ሲያቋርጡ ጸጥ ብላ ትቆማለች።