ትራክ 01

የአባቴ ካሴቶችና እኔ ያጠራቀምኳቸው ኤምፒስሪዎች ተደምረው 14 ሺህ ፋይል ሲሞሉ፣ የለመድኩት ዊንአምፕ አላዋጣ አለኝ። ነፃ ማጫወቻ እንደሁ ሞልቷል። ቪኤልሲ እምቢ ያለኝ ፋይል የለም፤ ብዙ ሙዚቃ ፈርጆ መያዝ ላይ ግን ሰነፍ ነው። ሚዩዚክቢ ያምራል። እኔ የረጋሁት ፉባር2000 ላይ ነው፤ መልኩ የሱቅ መዝገብ ይመስላል፣ ፍለጋው ግን ፈጣን ነው።

የእኛ ዘፈኖች ችግር ስም ነው። ጥላሁን ገሠሠ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ስለተጻፈ ሦስት ዘፋኝ ሆኖ ቁጭ ብሏል። በአማርኛ የተጻፈውም ቢሆን ብዙው ተበላሽቷል፤ የድሮው አይዲ3 ታግ ለርዕስ የሚሰጠው 30 ባይት ብቻ ነው፣ ፊደላችንንም አስቦ አልተሠራም። ፉባር ላይ ሁሉንም መርጬ አንዴ ‹ጥላሁን ገሠሠ› ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስቱ ሰውዬ አንድ ሆኑ። ደስ ሲል!

ስም የሌላቸው ከተሰበሰቡበት መሃል ‹ትራክ 01› የሚል የ40 ሰከንድ ፋይል አገኘሁ። ልሰርዘው ነበር። ለካ አባባ ነው፤ ‹እየቀዳ ነው እንዴ?› እያለ እናቴን ይጠይቃል። እሷ መሳቅ ስትጀምር ይቆረጣል። ‹አርቲስት› የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደምጽፍ ግራ ገባኝ፤ እስካሁን ባዶ ነው።